ጎዶሎው ጡንቻው ነው ወይስ ዓይኑ?



ስለ ሴቶችና ስለ መስታወት ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተመክሯል። ስለ ወንዶችና ስለ መስታወት ሲጻፍ ያየሁት ግን እምብዛም ነው። ምክንያቱ «ወንድ ልጅ ስለ መልኩ አይጨነቅም» የሚለው የቆየ አስተሳሰባችን ይመስለኛል። አስተሳሰቡ ትክክል አይደለም። ወንድም ይጨነቃል፤ ጭንቀቱን ለሰው አይናገርም እንጂ።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ክብደት በሚያነሱ፣ በሰፈሩ ቋንቋ «ብረት በሚገፉ» ወንድሞቻችን ላይ ስለሚታይ አንድ ችግር ነው። ይኸውም ሰውነታቸው ምንም ያህል ቢፈረጥም አልበቃ የሚላቸው ስሜት፣ ይህንንም ስሜት ተከትሎ የሚመጣው የዱቄት፣ የእንክብልና የመርፌ ጣጣ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህን የምጽፈው ስፖርትን ለመንቀፍ አይደለም። ክብደት ማንሳት አጥንትን ያጠነክራል፤ የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ ወጣቱም ጊዜውን በመልካም ነገር እንዲያሳልፍ ያደርጋል። ጠንካራ ሙእሚን የተወደሰበትን ሐዲስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጥንካሬ እያለው ራሱን ደካማ አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ጎዶሎው ጡንቻው ነው ወይስ ዓይኑ? ይህን ካልለየን መድኃኒቱን ከማይገኝበት ቦታ፣ ማለትም ከጣሳ ውስጥ፣ ስንፈልግ እንኖራለን።

ሕመሙ ስም አለው

በቅርብ የማውቀው አንድ ወጣት አለ። የሸሚዙ እጅጌ ክንዱ ላይ ተወጥሮ ሊቀደድ ደርሷል። «ማሻአላህ፣ በረታህ» ብለው «ገና ምን ሰውነት አለኝ ብለው ነው ጋሼ!» አለኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ስከታተለው ግን ከልቡ እንደሚናገር ተረዳሁ። በሙቀት ቀን ሳይቀር ወፍራም ሹራብ ደርቦ ይወጣል፤ ቅጥነቱ እንዳይታይበት መሆኑ ነው።

ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሀሪሰን ፖፕ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 108 ሰውነት ገንቢ ወንዶችን አነጋግረው ያገኙትን አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ ግዙፍና ጡንቻማ ሆነው ሳለ ራሳቸውን ቀጭንና ደካማ አድርገው የሚያዩ ነበሩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ላይ ሕመሙን «የተገለበጠ አኖሬክሲያ» አሉት። አኖሬክሲያ ሰው አጥንቱ እስኪወጣ ከስቶ እንኳ ወፍራም ነኝ ብሎ ምግብ የሚተውበት ሕመም ነው። ይኸኛው ደግሞ ግልባጩ መሆኑ ነው። በ1997 «መስል ዲስሞርፊያ» የሚል ስም ተሰጠው፤ በእኛ ቋንቋ የራስን ጡንቻ አሳንሶ የማየት ሕመም ልንለው እንችላለን። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አምስተኛ እትምም የገዛ አካልን ጎዶሎ አድርጎ ከማየት ሕመም ሥር አስፍሮታል።

እንግዲህ ልብ እንበል። መጠንከር መፈለግ በሽታ አይደለም። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ብረት የሚገፋ ሁሉም ሕመምተኛ አይደለም። ፍላጎት ወደ ሕመም የሚሸጋገረው ኑሮን መብላት ሲጀምር ነው። ሰውየው በቀን አሥር ጊዜ መስታወት ፊት ይቆማል። ሠርግ ሲጠራ «የዛሬው የእግር ልምምድ ያመልጠኛል» ብሎ ይቀራል። ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ትቶ የራሱን ዶሮና ሩዝ በሚዛን ለክቶ ለብቻው ይበላል። ትከሻው ተጎድቶ ሐኪም «እረፍ» ቢለው አያርፍም፤ አንድ ሳምንት ካረፈ ሁሉም ነገር የሚሟሽሽ ይመስለዋል። ጡንቻ ግን በአንድ ሳምንት ዕረፍት አይሟሽሽም።

ዓይንን ማን አሳሳተው?

አንድ ሰው የገዛ አካሉን አሳስቶ የሚያየው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ነው። በልጅነት መሰደብና መናቅ አለ፤ የተፈጥሮ ጠባይ አለ። አንደኛው ምክንያት ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። እሱም ራሳችንን የምናወዳድርበት ምስል ነው።

በ2000 የታተመ የእነ ሀሪሰን ፖፕ ጥናት በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ያሉ ወጣት ወንዶችን የሰውነት ሥዕል እያሳየ «የምትመኘው የትኛውን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በአማካይ የመረጡት ከራሳቸው ሰውነት 13 ኪሎ ግራም ያህል የሚበልጥ ጡንቻ ያለውን ነበር። «ሴቶች የሚወዱትስ?» ሲባሉም እንደዚሁ ግዙፉን አሳዩ። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ተራ የሆነውን፣ ጡንቻ ያልተጫነውን ሰውነት መረጡ። ወንዱ ሴትን ለማስደሰት ብሎ የሚሸከመውን ሸክም ሴቲቱ አልጠየቀችውም ማለት ነው። በ2005 በታይዋን በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት የወንዶቹ ግምት ከሴቶቹ ምርጫ ጋር የነበረው ልዩነት ከምዕራባውያኑ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው ስሜቱ አብሮን የሚወለድ ሳይሆን የምንማረው መሆኑን ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ጂ.አይ. ጆ የተባለው የአሜሪካ የወታደር አሻንጉሊት በ1964 ሲወጣ ተራ የወንድ ቁመና ነበረው። ከዚያ በኋላ እየፈረጠመ መጣ። በ1998 የወጣው ዓይነት ወደ እውነተኛ ሰው ቁመት ሲመነዘር የክንዱ ዙሪያ ከ65 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ብዙ ቀጭን ወንዶች በወገባቸው ከዚህ ብዙ አይበልጡም።

ከዚህ ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ታሪክ አለ። የወንድነት ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1935 ነው። ይህን ያደረጉት ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1939 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1958 ደግሞ ዲያናቦል የተባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ገበያ ላይ ዋለና በክብደት አንሺዎች ዘንድ ተዳረሰ። ስለዚህ ዛሬ በየስልኩና በየግድግዳው የምናያቸው እጅግ የገዘፉ ሰውነቶች ብዙዎቹ ምግብና ልፋት ብቻ ያስገኛቸው አይደሉም። የኬሚካል ሥራ አለባቸው። በዚያ ላይ የመብራቱ አቀማመጥ፣ ለፎቶው ሲባል ውኃ መከልከሉ፣ ከመቶ ፎቶ አንዱ መመረጡ አለ። የእኛ ወጣት ደግሞ ሽሮና እንጀራ በልቶ ከሥራ በኋላ የገነባውን ሰውነት ከዚያ ጋር ያስተያያል። በዚህ ውድድር መሸነፉ የማይቀር ነው። ሲሸነፍም «ምን ጎደለኝ?» ይላል፤ ሻጩም ጣሳውን ይዞ ይጠብቀዋል።

በጣሳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከታወቀው ጥቂቱን ላካፍል። ሰዎች «ሳፕሊመንት» የሚሉት ማሟያ ማለት ነው። ማሟያ ደግሞ የጎደለ ነገር ሲኖር ነው የሚያስፈልገው።

አንደኛው የፕሮቲን ዱቄት ነው። በብዛት የሚሸጠው ከአጓት የሚሠራው ነው። አዎ፣ እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው ያ ቀጭን ውኃ ነው። ፋብሪካው አጣርቶና አድርቆ፣ የቸኮሌት ጣዕም ጨምሮ ይሸጠዋል። መርዝ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ እንዳሳየው ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ከተገኘ ከዚያ በላይ መጨመር ለጡንቻ የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም አይታይም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 112 ግራም ነው። አሁን በቤታችን ምግብ እናስላው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ ቁርስ ላይ 250 ግራም ፉል 19 ግራም ያህል፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ 150 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 39 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይሰጣል። ድምሩ 102 ነው። የቀረውን እንጀራውና ዳቦው ይሞላዋል። ሥጋ በየቀኑ ለማይቻለው ፉሉን፣ ሽሮውንና ምስሩን ማብዛት ይችላል። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ በልቶ ዱቄት ቢጨምርበት ትርፉ ጡንቻ አይሆንም። ትርፉን ሰውነቱ ለጉልበት ያነደዋል ወይም ስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ናይትሮጅኑም በሽንት ይወጣል።

ሁለተኛው ክሬቲን ነው። ከሥጋና ከዓሣ የምናገኘው ነገር ሲሆን በሚገባ ከተጠኑት ማሟያዎች አንዱ ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወስድ ጤነኛ ሰው በአጫጭር ከባድ ልምምዶች ላይ ጥቂት ብርታት ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ክብደት ግን አብዛኛው ወደ ጡንቻ የገባ ውኃ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። የሚወስደውም ሰው የኩላሊት ምርመራ ሲያደርግ ለሐኪሙ ይንገር፤ በደም ውስጥ የሚለካውን ክሬቲኒን ከፍ ሊያደርገው ይችላልና።

ሦስተኛው ከልምምድ በፊት የሚጠጣው «ማነቃቂያ» ነው። ዋና ጉልበቱ ካፌይን ነው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ብዙውን ጊዜ ጉዳት አያስከትልም ይባላል። ከእነዚህ ዱቄቶች በአንድ ማንኪያ ብቻ ከ200 እስከ 300 የያዙ አሉ። በላዩ ላይ የከሰዓቱን ቡና ከነቶናው ስንጨምርበት ልብ ምን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም።

አራተኛው፣ እጅግ የሚያሳስበው፣ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው ነው። በአሜሪካ በ1994 የወጣው ሕግ ማሟያዎች ከመሸጣቸው በፊት ደኅንነታቸውና ጥቅማቸው በመንግሥት እንዲጸድቅ አያስገድድም። ባለሥልጣኑ እርምጃ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በየካቲት 2003 ስቲቭ ቤክለር የተባለ የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተዝለፍልፎ ሕይወቱ አለፈች። ኤፌድራ ያለበት የክብደት መቀነሻ ይወስድ ነበር። ኤፌድራ ያለባቸው ማሟያዎች የታገዱት በ2004 ነው። በዚያው ዓመት የታተመ፣ በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የተደገፈ ጥናት ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ማሟያዎችን መርምሮ በ94ቱ ውስጥ ማሸጊያው የማይናገረው ሆርሞን ነክ ንጥረ ነገር አገኘ። ከመቶ ወደ 15 ይጠጋል ማለት ነው። ሲሸጥ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ የመጣ፣ ማኅተሙ የተነካ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዱቄት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው።

ከዱቄት ወደ መርፌ

ወንድሜ ሆይ፤ ጣሳ ሁሉ ወደ መርፌ ያደርሳል አልልህም። ብዙዎች ዱቄት ጠጥተው ይቆማሉ። ነገር ግን «አልበቃኝም» የሚለው ዓይን ካልታከመ ዱቄቱ ሲያልቅበት ሌላ ፍለጋ ይወጣል። ስቴሮይድ ደግሞ እንደ ዱቄቱ ሳይሆን በእርግጥ ጡንቻ ይጨምራል፤ አደጋውም ይኸው ነው። የሚሠራ ነገር ስለሆነ ለመተው ይከብዳል።

አሠራሩን እንወቅ። ሰውነት ሆርሞኑን የሚሠራው እየለካ ነው። ከውጭ ብዙ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፤ የወንድ ዘር ቁጥርም እጅግ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። መርፌው ሲቆም ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ሙሉ በሙሉ የማይመለስለትም አለ። ወንድ መምሰል የፈለገ ወጣት ጡት ሊያበቅል፣ አባት መሆንም ሊያቅተው ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በአገራችን ደግሞ ልጅ ሲዘገይ የመጀመሪያ ወቀሳ የሚደርሰው በሚስት ላይ ነው። ስንቷ እህት በማታውቀው መርፌ ምክንያት «መካን» ተብላ ይሆን?

ልብም አይተርፍም። በ2017 የታተመ ጥናት ለረጅም ጊዜ ክብደት ያነሱ 140 ወንዶችን መረመረ። 86ቱ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ 54ቱ ያልወሰዱ ነበሩ። ልብ በአንድ ምት ከያዘችው ደም የምትረጨው ባልወሰዱት በአማካይ ከመቶ 63 ሲሆን፣ በወሰዱት 52 ነበር። ጥሩው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ መጥፎው ይጨምራል። የሚዋጠው ዓይነት ጉበትን ይጎዳል። አንዳንዱን ቁጡና ነጭናጫ ያደርገዋል። ጥንካሬን ከትግል ይልቅ በቁጣ ጊዜ ራስን ከመግዛት ጋር ያያዘውን የታወቀ ሐዲስ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጥንካሬ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የጀመረ ካለ ግን ይህን ያዳምጥ። በኃፍረት ተደብቀህ በራስህ ጊዜ አትታገል። ሲቆም ከባድ የስሜት መውደቅ ሊከተል ስለሚችል ለሐኪም እውነቱን ንገር። ሐኪም ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ሐላልነቱስ?

በዚህ ርዕስ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው የእንክብል ቅርፊት የሚሠራው ከጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ቆዳ፣ ከከብት ቆዳና አጥንት፣ አንዳንዴም ከዓሣ ይወጣል። ማሸጊያው «ጄላቲን» ብቻ ካለ ከየትኛው እንደሆነ አናውቅም። ከዕፅዋት የሚሠራ ቅርፊትም ስላለ አማራጭ አልጠፋም። የአጓት ዱቄትም ቢሆን አይቡን ለማርጋት የገባው ኢንዛይም ከምን እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል። ባሕርዩ ተለውጧል በሚለው ጉዳይ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ብይኑን ለእነሱ እተዋለሁ። የኔ ማሳሰቢያ አጭር ናት። የሥጋውን ሐላልነት ሉካንዳ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው የእንክብሉንም ያጣራ።

ረመዷንም ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጡንቻዬ ይቀልጣል ብሎ ጾም የሚፈራ ወጣት ሰምቻለሁ። አይቀልጥም። ልምምዱን ቀለል አድርጎ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ በኢፍጣርና በሱሑር በቂ ፕሮቲንና ውኃ ማግኘት ይበቃል። ከተራዊሕ በኋላ የሚጠጣው ማነቃቂያ ግን እንቅልፍ ነስቶ ሱሑርንና ሱብሒን ያበላሻል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ራሱን የጠረጠረ ሰው እነዚህን ይጠይቅ። ልምምድ ባመለጠኝ ቀን ሥራ መሥራት ያቅተኛል ወይ? በሰው ፊት ልብሴን ማውለቅ፣ ለውዱእ እጅጌዬን መሰብሰብ እንኳ ያሳፍረኛል ወይ? ለጣሳ የማወጣው ገንዘብ ለቤቴ ከምሰጠው ይበልጣል ወይ? ሰው «በረታህ» ሲለኝ የሚዋሸኝ ይመስለኛል ወይ? መልሱ በብዛት «አዎ» ከሆነ የሚያስፈልገው ሌላ ጣሳ አይደለም፤ ሐኪም ነው። ይህ ሕመም በምክክር ሕክምናና አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒት ይታከማል። የአእምሮ ሐኪም ማየት ማበድ አይደለም፤ ጥርሱን ያመመው ወደ ጥርስ ሐኪም እንደሚሄደው ነው።

ሁለተኛ፣ ብረት የሚገፋ ሰው መለኪያውን ይቀይር። ከመስታወት ይልቅ ደብተር ይያዝ። ባለፈው ወር 60 ኪሎ ያነሳ ዛሬ 70 ካነሳ በርትቷል። ብረቱ ለማንም አያዳላም፤ ዓይን ግን እንዳየነው ይሳሳታል።

ሦስተኛ፣ ለአሠልጣኞች አንድ ቃል አለኝ። አስተማሪ ሆናችሁ ሻጭም ስትሆኑ ልጁ የትኛው እንደሚያናግረው አያውቅም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ለአባቶችም፦ ልጃችሁን «ቀጮ» እያላችሁ አትቀልዱበት። እናንተ የምትረሱት ቀልድ በእሱ ዘንድ ለዓመታት ይኖራል።

አካላችን አማና ነው ስንል ከአፍ አይለፍ አንበል። አማና የተሰጠው ሰው ዕቃውን ይጠብቃል፣ በሚገባው ሥራ ላይ ያውለዋል፤ ሌት ተቀን ጎደለ እያለ አይነቅፈውም። ያ ክንድ ጀናዛ ለመሸከም፣ የታመመች እናትን ከአልጋ ለማንሳት፣ የጎረቤትን ጆንያ ለማገዝ ከበቃ በቂ ነው። አላህ ጤናውንም፣ የሚያመሰግን ልብንም ይስጠን።